ከሻይ በኋላ ማርሽ የሚጥለው ግሬደር

ሰኞ

ከደሴ ጃኬት ለብሼ ወጣሁ። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ስለነበር ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ በዝግታ ነው የወረደው። ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቱ ሸክም ሆነብኝ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው።

ሳይቱ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ባቲ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው፤ የጠጠር መንገድ ሥራ። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ መኪናው ሁሉ ገበያተኛ ጭኖ ነው የሚያልፈው፣ ቆሞ የሚወስደኝ ጠፋ። በመጨረሻ የውሃ ቦቴ ላይ ተንጠልጥዬ 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ።

ማሽኑ ግሬደር ነው፣ በምላጩ መንገድ የሚያስተካክለው። ብራንዱን ተዉት፣ እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም ላይ ይመጣል። እኔ የማሽን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ከእሱ ጋር እንተዋወቃለን፤ አምና ክረምት ከመግባቱ በፊት ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸውን አላርም ሠርቼለታለሁ።

በሽታው እንዲህ ነው። ጠዋት ሰላም ነው። ከዚያ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ማርሽ ይጥልና ዳሽቦርዱ ላይ ኤን (ኒውትራል ማለት ነው) ብልጭ ድርግም ይላል፣ ማሽኑ ባለበት ይቆማል። ሞተሩ አይጠፋም። ቁልፉን አጥፍተህ ስታስነሳው ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ወደ ኋላ ሲሄድ ጥሎ አያውቅም፣ ሁሌም ወደ ፊት ብቻ ነው።

ኦፕሬተሩን ጠየቅኳቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ከኔ በፊት ብዙ ማሽን የቀበሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚጥለው?»

«ከሻይ በኋላ።»

«ማለት ሲሞቅ?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ። ከሻይ በፊት አይጥልም፣ ከሻይ በኋላ ይጥላል። አብሽር፣ ራሱ ያሳይሃል።»

ሲሞቅ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ፎርማኑ መሳቢያውን ከፍቶ ሁለት ያገለገሉ ሶሌኖይዶች (የካምቢዮውን ቫልቭ የሚከፍቱ የኤሌክትሪክ ኮይሎች) አወጣልኝ። ከኔ በፊት የመጣው ባለሙያ የወደፊት ማርሹን ሶሌኖይድ ሁለት ጊዜ ቀይሮታል፣ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። ማርሹ መጣሉን ሲቀጥል ደግሞ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ብሎ ሄዷል። ፎርማኑ የካምቢዮውን መቆጣጠሪያ፣ ማለት የዚያን ኮምፒውተር፣ ዋጋ አስጠይቆ ነበር። ዋጋውን ሲነግረኝ ወረቀቱን መልሼ ሰጠሁት።

ሁለቱን «የሞቱ» ሶሌኖይዶች ለካኋቸው። አንዱ 28.1 ኦም፣ ሌላው 27.8። ማኑዋሉ የሚለው 28 አካባቢ ነው። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ በሕይወት እያሉ ነው የተቀበሩት።

ማሽኑ የሚሰጠው የብልሽት ኮድ መጨረሻው ኤፍኤምአይ 5 ነው። ብዙ ሰው ኮዱ ላይ የሶሌኖይድ ስም ሲያይ ሶሌኖይዱን ይገዛል። ኤፍኤምአይ የሚነግርህ ግን የብልሽቱን ዓይነት ነው። 3 ከሆነ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ነው፣ 4 ከሆነ ከልክ በታች፣ 6 ከሆነ ከረንቱ ከልክ በላይ ነው። 5 ደግሞ ከረንቱ ከሚጠበቀው አንሷል ወይም መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። መስመር ሲል ከመቆጣጠሪያው ፒን ተነስቶ፣ በሽቦውና በፕላጎቹ አልፎ፣ ኮይሉን ዞሮ እስኪመለስ ያለው ሁሉ ነው። ኮይሉ ከዚያ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ የዚህ ዓይነት ካምቢዮ ላይ ኦፕሬተሩ የሚይዘው እጀታ ከማርሽ ጋር አይገናኝም፣ ስዊች ነው። እጀታው ለመቆጣጠሪያው ይነግራል፣ መቆጣጠሪያው ለኮይሉ 24 ቮልት ይልካል፣ ኮይሉ ቫልቩን ይከፍታል፣ ዘይቱ ገብቶ ፍሪሲዮኑን ይጫናል። መቆጣጠሪያው የላከው ከረንት ካነሰበት አይጨቃጨቅም፣ ለደህንነት ብሎ ኒውትራል ያደርገዋል።

መካኒኩ የዘይቱን ልክ አይቶ ጌጅ ገጥሞለታል፣ ግፊቱ አይዋዥቅም። ስለዚህ ጣጣው የኔ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ከባትሪ ጀመርኩ። ሰው ይሰለቸዋል ግን ሌላ መንገድ የለም። ሁለቱ ባለ 12 ባትሪዎች ተያይዘው ቆመው 25.3፣ ሞተር ሲነሳ 27.8። ዲናሞው ጤነኛ ነው። ባትሪ ነቅዬ የኮምፒውተሮቹን መገናኛ ሁለት ሽቦዎች ለካሁ፣ 60 ኦም። በየጫፉ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር አለ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ 60 ይሰጣሉ። 120 ብቻ ቢያሳየኝ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል እል ነበር። አልተቆረጠም።

ቀጥሎ መለዋወጥ። የወደፊቱንና የወደኋላውን ኮይል አንድ ዓይነት ስለሆኑ አቀያየርኳቸው። እዚህ ላይ ለጀማሪ የምለው አለ፦ ኮይሉን ከቫልቩ ላይ አውጥተህ አቀያይር፣ ፕላጎቹን አታቀያይር። ፕላጎቹን ካቀያየርክ ኦፕሬተሩ ወደ ፊት ብሎ ሲያስገባ ማሽኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ኋላ ደግሞ ሰው አለ። እኔ ኮይል እንኳ ስነካ ምላጩን መሬት አስወርጄ፣ የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አስደርጌ ነው።

ኦፕሬተሩ ይዘውት ወጡ። ከሻይ በኋላ 40 ደቂቃ ሳይሞላ ጣለ። ኮዱ ያው፣ ወደ ፊት። ኮይሉ ተቀይሮ ብልሽቱ ባለበት ከቀረ ኮይሉ ነፃ ነው። የቀረው ሽቦ ወይም መቆጣጠሪያ ነው።

የበያጁ ነገርም ተነሳ። ፎርማኑ ባለፈው ወር ምላጩ ላይ ሲበየድ ባትሪ አልተነቀለም ነበርና «ያኔ ነው ኮምፒውተሩ የተቃጠለው» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን የተቃጠለ ነገር ጠዋት ሠርቶ ከሻይ በኋላ አይቃጠልም። ለማንኛውም በያጁን አናግሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ባትሪውን ነቅሎ፣ ማሳውን (የመመለሻ ገመዱን) ከሚበየደው ብረት አጠገብ አስሮ ነው የሚሠራው።

ከሰዓት ያገኘሁ መሰለኝ። ካቢኑ ሥር ከቻሲሱ የሚታሰረው ወፍራም ማሳ ብሎኑ ላልቷል፣ ሥሩ ቀለምና ዝገት ነው። ሁሉም ነገር እየሠራ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ካቢኑ ብረት ለካሁ፣ 0.9 ቮልት። መሆን ያለበት ከ0.1 በታች ነው። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ አዲስ ሮንዴላ አድርጌ አሰርኩት፣ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። 0.06 ሆነ።

አንድ ሰዓት ሠራ፣ አልጣለም። ለፎርማኑ «አልቋል» አልኩት። ጃኬቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወደ ደሴ ወጣሁ፣ ማታ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ጋበዝኩ እንኳ።

ረቡዕ

5 ሰዓት ላይ ስልክ። «ጥሏል።»

ማሳው እውነተኛ ብልሽት ነበር፣ መሠራት ነበረበት። ግን የምፈልገው እሱ አልነበረም። ትናንት ያልጣለው ለምን እንደሆነ ሳስብ በመንገድ ላይ ሁሉ ራሴን ስበላ ሄድኩ።

ዛሬ ሌላ ዘዴ ያዝኩ። የሚመጣና የሚጠፋ ብልሽትን በቆመ ማሽን ላይ መፈለግ ሌባ በሌለበት ቤት መጠበቅ ነው። ሁለት ረጅም ቀጫጭን ሽቦዎችን ከወደፊቱ ሶሌኖይድ ፕላግ ጀርባ በቀጭን ፒን አስገብቼ (ጎማውን ሳልቀድድ፣ ሽቦ ሳልበሳ) እስከ ካቢን ጎትቼ በየሜትሩ በናስትሮ አሰርኳቸው። ግሬደር ወገቡ ላይ ስለሚታጠፍ መገጣጠሚያው ጋ ላላ አደረግኳቸው። ቴስተሩን ዳሽቦርዱ ሥር ለጠፍኩ፣ ስልኬን ደግሞ ቴስተሩንና ዳሽቦርዱን ባንድ ላይ እንዲያይ አድርጌ መስኮቱ ላይ አሰርኩትና ቪዲዮ ከፈትኩ። የግሬደር ካቢን ለሁለት ሰው አይሆንም፣ ደረጃ ላይ ቆሞ መሄድ ደግሞ ሞኝነት ነው።

ቪዲዮውን ሻይ ቤት ተቀምጬ አየሁት። ሻይ ቤት የምላት አንዲት እናት በላስቲክ የወጠሯት ጥላ ናት፣ አምባሻቸው ግን የትም የለም። መጀመሪያ 26 ነጥብ ምናምን፣ እንደዛ እያለ ረጅም ጊዜ። አሰለቸኝ። አሳለፍኩት። ከዚያ ቁጥሩ ወረደ፦ 26፣ 22፣ 17፣ እንደገና 25፣ 17.1፣ ከዚያ ዜሮ። ኤን ብልጭ አለ።

መልሼ አየሁት። ከጀርባ በመስኮቱ የሚታየውን ነገር ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር የፊት መስታወቱ ላይ ያለው ኮረብታ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ማለትም ማሽኑ ወደ ግራ እየታጠፈ ነው።

«ጋሼ፣ ከሻይ በፊት የት ነው የምትሠሩት?»

«ታች። ሜዳው ላይ።»

«ከሻይ በኋላስ?»

«ላይ ነዋ፣ ኩርባው ጋ። ቦዩን ለማውጣት ወገቡን ሰብሬ ነው የምገባው።»

«ወደ ግራ?»

«ወደ ግራ። ምነው?»

ሰኞ የጻፍኩትን ገልጬ አየሁ። «ሲሞቅ ነው» ይላል በራሴ እጅ ጽሕፈት። ሰውየው ያሉት ከሻይ በኋላ ብቻ ነበር፤ ሙቀቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ትናንት ያልጣለውም ከሰዓት የጭነት መኪኖች ኩርባውን ስለዘጉት ሜዳው ላይ ስለሠሩ ነው።

ሙቀትም ጨርሶ ነፃ አይደለም። የመዳብ ኮይል ሲሞቅ በየዲግሪው 0.4 ከመቶ ያህል ኦሙ ይጨምራል። ጠዋት 28 የነበረው ዘይቱ 90 ዲግሪ ሲደርስ 35 አካባቢ ይሆናል። ያኔ ጤነኛ ሽቦ ላይ እንኳ ከረንቱ ይቀንሳል፣ በሽተኛ ሽቦ ሲጨመርበት ከመቆጣጠሪያው ልክ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀት ረዳት ነው፣ ዋናው ወገቡ ጋ ነው።

የዚህ ግሬደር ካቢን የፊተኛው ቻሲስ ላይ ነው፣ ካምቢዮው የኋለኛው ላይ። መሃላቸው መታጠፊያው አለ። የካምቢዮው ሽቦዎች በሙሉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት፣ ማሽኑ በታጠፈ ቁጥር አብረው ይታጠፋሉ። መምሸት ጀምሮ ነበር፣ ነገ።

ሐሙስ

ዛሬ ደሴ አልተመለስኩም፣ ኮምቦልቻ ነው ያደርኩት። በሙቀት እንቅልፍ የለም።

ጠዋት ያንኑ ሽቦ ከሁለት ጫፉ ነቀልኩት። ከመቆጣጠሪያው ሶኬትም፣ ከሶሌኖይዱም። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ በኦም ለካሁት፣ 0.6። በዚህ ብትፈርድ «ሽቦው ጤነኛ ነው» ብለህ መቆጣጠሪያ ታዛለህ። ቴስተር ኦም ሲለካ የሚልከው ከረንት ከምንም አይቆጠርም፣ በአንድ ክር መዳብም ያልፋል። ገመድ በነካካኸው ጊዜ አይታወቅም፣ ሸክም ስትሰቅልበት ነው የሚታወቀው።

ሸክሙ የፍሬን መብራት አምፖል ነው። ባለ 24 ቮልት፣ 21 ዋት። 21 ለ24 ሲካፈል 0.9 አምፔር ይጠጋል፣ 28 ኦም ኮይል የሚጠጣውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ አምፖሏ የሶሌኖይዱ ምትክ ናት፣ ልዩነቷ ከረንቱን በዓይንህ ታሳይሃለች። ከካቢኑ በኩል በፊውዝ አድርጌ 24 ሰጠሁት፣ ከኋላ ጫፉ ላይ አምፖሏን አሰርኩና ሌላ እግሯን ከማሳ ጋር።

ቀጥ ሲል ቦግ። ኦፕሬተሩ ሞተር አስነስተው ወደ ቀኝ አጠፉት፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ለካሁ፣ ቦግ። አሁን ወደ ግራ። ሞተር እየሠራ መታጠፊያው መሃል የሚገባ ሰው ካለ ከኔ ጋር አይሠራም፤ ከዳር ቆሜ ጠበቅኩ። ወደ ግራ አጥፈው ሞተሩን አጠፉ።  ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

አምፖሏ አመድ እንደሸፈናት ፍም ሆናለች። ክሯ ብቻ ቀይ። ቮልቴጁ 9።

«አዩ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ደግሞ ከኔ በላይ ደስ አላቸው፣ «ማሻአላህ፣ ብለንህ አልነበር!» ይላሉ። ብለውኝ ነበር።

የሽቦውን ሽፋን ቱቦ ሰንጥቄ አወጣሁት። ውጩ ምንም የለውም፣ ጎማው ያበራል። ሽቦውን በሁለት ጣት እየጨመቅኩ ከፊት ወደ ኋላ ሄድኩ። ከመታጠፊያው አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ ጎማው ውስጥ ባዶ ነገር ተሰማኝ፣ ልክ የደረቀ የባቄላ ቅርፊት ስትጫን እንደሚለው። ቀስ ብዬ ላጥኩት። አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ። ከክሮቹ በሙሉ የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ቀጥ ሲል ይነካካሉ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይራራቃሉ።

ውሃ በየት ገባ? ጎማው አልተላጠም፣ አልተፈገፈገም። መነጽሬን አድርጌ ወደ ፀሐይ ይዤ አዞርኩት። አንዲት ቀዳዳ። የመርፌ።

ቁጭ አልኩ።

አምና የአላርሙን ሽቦ ስፈልግ የሽቦዎቹ ቁጥር ጠፍቶ ስለነበር፣ እዚሁ ቦታ፣ እዚሁ ቱቦ ሰንጥቄ፣ ሦስት ይሁን አራት ሽቦ በመርፌ ፓይለት (ጫፉ መርፌ በሆነ መፈተሻ መብራት) በስቼ ነው ያገኘሁት። ስጨርስ ቱቦውን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ቀዳዳዎቹን ምንም አላደረግኳቸውም። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ማሽኑ ሁለት ወር ሜዳ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ቆመ፣ ውሃው በቀዳዳዋ ገብቶ መዳቡን ቀስ እያለ በላው። ሁለት ሶሌኖይድ የቀየረውን ሰውዬ ሰኞ ዕለት በልቤ ስንት ጊዜ ሳቅኩበት!

ጎረቤት ሽቦዎቹን ፈተሽኩ። ሌሎች ሁለት ቀዳዳ አገኘሁ። አንዱ ንጹሕ ነው። ሌላው የአላርሙ ነው፣ አረንጓዴው ጀምሮታል።

ዓርብ

ሦስቱንም ቀየርኳቸው። መጀመሪያ አረንጓዴውን ቆርጬ ልቀጥል ብዬ ነበር፣ ግን ስቆርጥ መዳቡ ጥቁር ነው፣ ደግሜ ስቆርጥም ጥቁር። ውሃ በክሮቹ መሃል እንደ ፋኖስ ክር ይሳባል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ ነው ቀይ መዳብ ያየሁት፣ በሁለቱም በኩል።

አዲሱን ሽቦ አስረዝሜ አስገባሁ፣ መቀጠያዎቹ መታጠፊያው ላይ እንዳይውሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አራቅኳቸው፣ አንዱ ከሌላው አጠገብ እንዳይሆንም አበላለጥኩ። ስታኞ (አቅልጠው ሽቦ የሚያጣብቁበትን) አልተጠቀምኩም። ስታኞ ሽቦውን እንደ እንጨት ያደርቀዋል፣ በሚንቀጠቀጥ ቦታ ልክ ስታኞው ያለቀበት ጋ ይሰበራል። በመቆንጠጫ ጨምቄ፣ ውስጡ ሙጫ ያለውን የሚኮማተር ቱቦ አልብሼ በላይተር አሞቅኩት፣ ሙጫው ከዳር ብቅ እስኪል። ቱቦውን ኮምቦልቻ አጥቼው ረዳቱን ልጅ ደሴ አራዳ ልኬ ነው ያስመጣሁት፣ ግማሽ ቀን ፈጀ።

አምፖሏን መልሼ ሞከርኩ። ቀጥ፣ ቀኝ፣ ግራ፦ ቦግ፣ ቦግ፣ ቦግ። ግራ ላይ 24.2፣ ባትሪው ላይ 24.6። ኮይሎቹንም ወደ የቦታቸው መለስኩ።

ከዚያ ቴስተሩንና ስልኩን እንደገና አስሬ ላክኋቸው። ዛሬ ሻይ አልጠጣሁም፣ ኩርባው ጋ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ኦፕሬተሩ ወገቡን ሰብረው ገቡ፣ ቦዩን አወጡ፣ ተመለሱ፣ ደገሙት። አልጣለም። እስከ 11 ሰዓት አልጣለም። ቪዲዮው ላይ ከ26 በታች አልወረደም።

ቅዳሜ

እስከ 6 ሰዓት ኩርባው ላይ ሠራ። ሰላም ነው።

ፎርማኑ ሒሳብ ሲጠይቀኝ የሁለት ቀን ብቻ ጻፍኩለት። «አምስት ቀን ነው የመጣኸው» አለኝ። የቀዳዳዋን ነገር ነገርኩት፣ የተቆረጠውን ሽቦም አሳየሁት፣ ቀዳዳዋን በጥፍሬ እያመለከትኩ። ዝም ብሎ አየው። ተናዶ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ሁለቱን ሶሌኖይዶች ከመሳቢያው አወጣና «እነዚህ ይሠራሉ ማለት ነው?» አለኝ።

«ይሠራሉ።»

«እንግዲያ መለዋወጫ አለን» አለና መልሶ ከተታቸው። ከዚያ የሎደሩ የኋላ መብራት ከረቡዕ ጀምሮ እንደማይበራ ነገረኝ። ሰኞ ልመጣ ተስማምተናል። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ በማለዳ መውጣት አለብኝ።